የሀምዱ ድስት

«የጾም ምን አላችሁ?» አለች ውዳሴ።

አስተናጋጇ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ እንደሰካች ቆማ አየቻት። «የምን ጾም?»

«ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

«ቢሆንስ? በሃምሳው የሚጾም ሰው አለ? ፋሲካ ሲውል የት ነበርሽ፣ እህቴ?»

አጠገባቸው ያሉት ሁለት ሹፌሮች ከጥብሳቸው ቀና ብለው ሳቁ። ውዳሴ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ሁለት ወር ሙሉ ሽሮና ምስር ሲያንተከትኩ የከረሙት የፍኖተ ሰላም ምግብ ቤቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሥጋ አዙረዋል። ይህን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። ሳታስበው የቀረችው በምግብ ሳይንስ የተመረቀችው ውዳሴ ብቻ ነበረች።

ከፊቷ የተቀመጠው እንግዳ ሶረን ይባላል። የዴንማርክ ሰው ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ በየበሩ ሲገባ አንገቱን መስበር ግድ ይለዋል። ሥጋ አይበላም። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይነካም። ማር እንኳ «የንቦቹ ነው» ብሎ አይቀምስም። በሁዳዴ አጋማሽ «የምበላው አገኝ ይሆን?» ብሎ በኢሜይል ቢጠይቃት፣ «አታስብ፤ ሕዝባችን የዓመቱን እኩሌታ ያህል ሥጋና ቅቤ አይቀምስም፤ በተለይ ረቡዕና ዓርብ ያለ ሐሳብ ብላ» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ቪዛው ዘገየ። አዲሱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈላት፣ እሷም በፈረንጅ አቆጣጠር ስልኳ ላይ መዘገበችው። ሰውየው የተነገረውን የሚይዝ ሰው ነውና፣ ሆን ብሎ ረቡዕን መርጦ ከተፍ አለ።

ሶረን አገሩ ውስጥ ቅመም የሚሸጥ ትንሽ ኩባንያ አለው። የመጣው የቡሬን በርበሬ በአምስት ዓመት ውል ለመግዛት ነው። ያገናኘው ሀምዱ ነው፤ ሀምዱ ቡሬ ላይ የበርበሬ መጋዘንና ወፍጮ አለው። በርበሬውን የሚያመርቱት ደግሞ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የተደራጁ ገበሬዎች ናቸው። ሀምዱ ውዳሴን አስጠርቶ እንዲህ ብሏታል፦ «ውሉ ከተፈረመ የጥራት ተቆጣጣሪዋ አንቺ ነሽ። ካልተፈረመ ግን ተቆጣጣሪም የለም፣ የሚቆጣጠሩትም የለም።» ውዳሴ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው። በሦስቱ ዓመት ያገኘችው ሥራ የዘመድ ልጆችን እንግሊዝኛ ማስጠናት ብቻ ነበር፤ እሱም በነጻ።

«ሽሮ ይሠራልናል?» አለች አስተናጋጇን።

«ይሠራል።»

«ያለ ቅቤ። ጠብታ እንዳይነካው።»

«እሺ አልኩ።»

ሽሮው እየተንተከተከ መጣ። ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ የቅቤው ሽታ የውዳሴን አፍንጫ ሞላው። አስተናጋጇን ወደ ጥግ ሳበቻት። «ቅቤ አለው እኮ!»

«ትንሽ ናት። ወጥ ሠሪዋ በመስኮት አየችው፤ 'ውይ የሰው አገር ሰው፣ ይኼን ሁሉ መንገድ መጥቶ ደረቅ ሽሮ?' ብላ አሳዘናት። ጣል አደረገችለት።»

«መልሺውና ሌላ ይሠራ።»

«ሌላ ከተባለ አርባ ደቂቃ ነው። አስቢበት።»

ውዳሴ አርባ ደቂቃ መጠበቅ የሚባል ነገር ከተፈጠረች አልሆነላትም። ወደ ጠረጴዛው ስትመለስ ሶረን እጁን ታጥቦ እየጠበቃት ነበር።

«ቅቤ የለውም አይደል?»

«የለውም» አለችው።

ሰውየው በላ። እስከ መጨረሻው በላ። ሸክላውን በእንጀራ ጠርጎ፣ ደብተሩን አውጥቶ፣ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሽሮ አልቀመስኩም። ይህ ከኋላ የሚመጣው ጣዕም ምንድነው?» አላት።

«ኮሰረት ነው» አለች። ውሸት አልነበረም፤ ቅቤው የተነጠረው በኮሰረት ነው። «የቅጠል ስም ነው፣ ጻፈው።»

ጻፈውና ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ከሰዓት በኋላውን በዚሁ አሳለፉት። ሶረን የሚቀምሰውን ሁሉ ይጽፋል፤ ከመቅመሱ በፊት ደግሞ ይጠይቃል። ዳቦ ቤት ገብቶ «ወተት አለው?» አለ። ውዳሴ ብትጠይቅለት ባለ ዳቦዋ «ወተት ከየት አምጥቼ ነው ዳቦ ላይ የማፈሰው? ይቀልዳል እንዴ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ቆሎ ሲሰጡት «በምን ነው የተቆላው?» አለ። በእሳት። ጠላ ቤት ተቀምጦ የመጀመሪያውን ጣሳ ሲጨልጥ ግን ፊቱ በራ፤ እንስራው በወይራ እንደሚታጠን ስትነግረው «ጭስ የሚጠጣበት አገር» ብሎ ጻፈ። አረቄውን አንዴ ተጎነጨና እንባው እስኪመጣ ስሎ፣ «ይህ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም» አለ። ማታ ሲለያዩ የመጨረሻውን መስመር አነበበላት፦ «ሌላ አገር ፖሊስ 'ቁም!' በሚልበት ድምፅ እዚህ አገር 'ብላ!' ይላሉ።»

ውዳሴ አልሳቀችም። ነገ ምን እንደሚጠብቃት እያሰበች ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ቡሬ ገቡ፤ ከቡሬ በባጃጅ ወደ ገጠር ወጡ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ገብረሰንበት ከነባለቤታቸው ከእንቁ ጋር ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። በቀኝ በኩል የበርበሬው ችግኝ መደብ ላይ፣ በሣር ዳስ ተሸፍኖ ይታያል። በግራ በኩል የበግ ቆዳ ተወጥሮ ይታያል። ውዳሴ ቆዳውን ስታይ በጉ ለማን እንደታረደ ገባት።

«ለእንግዳችን ብለን ነው» አሉ ገብረሰንበት። «ከገና ጀምሮ ሲቀለብ የከረመ ነው።»

ቤቱ ውስጥ ቀይ ወጥ አለ፣ ዱለት አለ፣ ጥብስ አለ፣ አይብ አለ፣ ጎኑ ላይ እርጎ አለ። ከእንጀራው በቀር ሶረን የሚቀምሰው አንድ ነገር አልነበረም። የማኅበሩ ጸሐፊ አድማሴ ውሉን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ይበላል፣ ከዚያ ይፈረማል።

ሶረን ወደ ውዳሴ ጠጋ አለ። «በአክብሮት ንገሪያቸው። ምርጫዬ እንደሆነ አስረጂያቸው። ይገባቸዋል።»

ይገባቸዋል! በግ የታረደለት ሰው «ምርጫዬ ነው» ሊል! ውዳሴ የሚከተለውን ጥያቄ ሁሉ ገና ከወዲሁ ሰማችው፦ ለምን? ምን አድርጎት? ሃይማኖቱ ምንድነው? በሬ ለምን ተፈጠረ ታዲያ? ይህን ሁሉ አስረድታ እስክትጨርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አንድ አጭር መንገድ ታያት፣ ሰተት ብላ ገባችበት።

«እትዬ እንቁ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለች። «ሰውየው ሥጋና ቅቤ ሐኪም ከልክሎታል።»

እንቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔን! ምኑን አሞት?»

«ጨጓራውን። ጉበቱንም።»

ሁለት ነገር መናገር እንዳልነበረባት የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እንቁ ተነሥተው ጓዳ ገቡ፤ ሲመለሱ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ፌጦ ተደቁሶ በማር ተለውሷል። ዳማከሴ ተጨምቆ በስኒ ቀርቧል።

«ምንድነው?» አለ ሶረን።

«መድኃኒት። ማር አለው።»

«መድኃኒት? ለምኑ? ደግሞ ማር አልበላም።»

«ምን አለ?» አሉ እንቁ።

«ማር... አይስማማውም።»

«ማርም?» እንቁ ሶረንን ከእግር እስከ ራሱ በሐዘን ቃኙት። «ማር የማይቀበል በሽታ እንኳ አይቼ አላውቅም። ልጅ አለው? ሚስቱስ እንዴት ለቀቀችው?»

አድማሴ ወደ ገብረሰንበት ጆሮ ጎንበስ አለ። ሁለቱ ተያይዘው ወደ ደጅ ወጡ። ሲመለሱ የአድማሴ ጭን ላይ የነበረው ውል ከጃኬቱ ኪስ ገብቷል።

«ልጄ» አሉ ገብረሰንበት፣ «ውሉ ለስንት ዓመት ነበር ያልሽን?»

«ለአምስት ዓመት፣ አያ ገብረሰንበት።»

«አምስት ዓመት።» ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ክፉ አያናግረንና፣ እኒህ ሰው አምስት ዓመት ይከርማሉ?»

«እንዴ!»

«አትቆጪ። ከዚህ በፊት አንድ ነጋዴ እንዲሁ ውል ገብቶ አዘራን። ደኅና ሰው ነበር፤ ክረምቱ ላይ ሞተ። ዘመዶቹ ውሉን አናውቅም አሉ፣ ምርቱ እጃችን ላይ ሻገተ። ያ ነጋዴ እንኳ ማር ይበላ ነበር።»

«ይበላ ነበር» አለ አድማሴ። «ጠጅም ይጠጣ ነበር።»

«ስለዚህ ይታከሙ። ሲሻላቸው ይምጡ። ችግኙን ለሌላ ገዢ እናደርገዋለን።»

ውዳሴ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ሥራ በጨጓራና በጉበት ሊሄድ ነው፤ ያውም በሌለ ጨጓራና በሌለ ጉበት።

«ምን እየተባለ ነው?» አለ ሶረን።

«እየተወያዩ ነው።»

«በምን?»

«በጤናህ።»

«ጤናዬ ምን ሆነ?»

ከሁለቱም ወገን የሚያዩት ዓይኖች ሁሉ እሷ ላይ ነበሩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተበጠሰባት።

«ጤነኛ ነው!» ብላ ጮኸች። «ምንም አላመመውም! ትናንት ከተማውን ስንዞር እኔ ደክሞኝ እሱ አልደከመውም። ሥጋ የማይበላው ስለማይፈልግ ነው። ቅቤም፣ ወተትም፣ ማርም። ከብት እንዲታረድ፣ እንዲታለብ አይወድም። በቃ! ይኼው ነው!»

አድማሴ በግማሽ የጎረሰውን ጥብስ ማላመጥ ተወ።

«እና ይኼን ነው የደበቅሽን?» አሉ እንቁ ቀስ ብለው።

«አይገባችሁም ብዬ ነው።»

«አይገባችሁም ብለሽ።» እንቁ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ከሌላው ዕቃ ተለይቶ፣ ለብቻው ከረጅም ሚስማር ላይ የተሰቀለ ትንሽ ድስትና ሳህን አለ። በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት ድስቱ ተወዛወዘ። «ይኼ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«የሀምዱ ነው። የላከሽ ሀምዱ። ሃያ ዓመት ከዚህ ቤት ሲገባና ሲወጣ አንድ ቀን ሥጋዬን ቀምሶ አያውቅም። በሃይማኖቱ ነዋ! እኔም የእሱን ቀምሼ አላውቅም። ልጄን ስድር ለብቻው ተሠርቶለት በልቷል፤ የእሱ ልጅ ናጂሃ ስትዳር እኔ ከነጎረቤቴ ለብቻችን ዳስ ተጥሎልን በልተናል። እስከ ዛሬ 'አሞኛል' ያለኝ የለም፤ 'አሞታል' ብሎ የዋሸለትም የለም። አልበላም አለ፣ ድስት ሰቀልንለት። ምን ያስቸግራል?»

ውዳሴ ድስቱን አየች። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣለች፤ ሃያ አራት ዓመት ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለየብቻ ሥጋ በሚበላበት፣ ሠርግ ሁሉ ሁለት ድስት በሚጣድበት ከተማ ኖራለች። ይህ ግን ከፈረንጁ ምግብ ጋር የሚገናኝ ነገር መሆኑ ለአንድ አፍታ ትዝ አላላትም።

«ሀምዱ 'በርበሬያችሁን የምትቆጣጠር ልጅ አለችኝ' ያለን አንቺን ነው?» አሉ ገብረሰንበት።

«አዎ።»

«እንግዲህ ነገ መጥተሽ 'በርበሬያችሁ ሻግቷል' ብትዪን ምን ብለን እንመን? ሻግቶ ነው እንበል፣ ወይስ ሐኪም ከልክሎሽ ነው?»

አድማሴ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ።

ውዳሴ ወደ ሶረን ዞረች። እንግሊዝኛ «አንቱ» ስለሌለው ብቻ ደስ አላት፤ ማክበር አይጠበቅባትም፣ በአጭሩ ትጨርሰዋለች። «ታመሃል ብዬ ነገርኳቸው። ውሉን ሊተዉት ነበር። አሁን እውነቱን ነገርኳቸው።»

«ለምን ታሟል አልሻቸው?»

«ቶሎ እንዲያልቅ።»

ሶረን የመድኃኒቱን ስኒ ገፋ አደረገ። «ሌላስ? ሌላ ያልነገርሽኝ አለ?»

የለም ማለት ቀላል ነበር። አስተናጋጇ ፍኖተ ሰላም ናት፤ ወጥ ሠሪዋም። እዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ አይሰማም። ውዳሴ ግን የገብረሰንበት ጥያቄ ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ እልኋም አልበረደም። በራሷ ላይ የተነሣ እልህ ነው።

«የትናንቱ ሽሮ ቅቤ ነበረው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሸትቶኝ ነበር።»

ሶረን ደብተሩን አወጣ። ገጹን መልሶ፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን ኮሰረት አየው። «አሥራ አንድ ዓመት ቅቤ አልነካሁም» አለ። ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ፣ በሩን አጎንብሶ አልፎ ወጣ።

«ምን አልሽው?» አሉ እንቁ።

ውዳሴ የሽሮውን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ማንም አልሳቀም። ገብረሰንበት ከዘራቸውን ይዘው ሶረንን ተከትለው ወጡ። በበሩ ትታያቸዋለች፦ ሁለቱ ሰዎች አንድም የሚግባቡበት ቃል ሳይኖራቸው መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል፤ ሽማግሌው የሣሩን ዳስ ገለጥ አድርገው ችግኙን በጣታቸው ያሳያሉ፤ ፈረንጁ ቅጠሏን ይዞ ያሸታል።

እንቁ ግን ድስቱን አውርደው እሳት ላይ ጥደውታል። ድንች ተልጦ ገባ፤ ኑግ ዘይት ጠብ አለበት፤ በርበሬው ከነፍሬው ተደቁሶ ተጨመረ።

«ንገሪው» አሉ ሳይዞሩ። «ሀምዱ ቅቤ ይወዳል። ይኼ ድስት ቅቤ ያውቃል።»

«ታጥቧል አይደል?»

«በአመድ ፍትግ ተደርጓል። ቢሆንም ንገሪው።»

ነገረችው። ሶረን ከደጅ ገብቶ ድስቱን ጎንበስ ብሎ አየ። «የታጠበ ድስት ይበቃኛል» አለ፤ ፊቱ ግን እንደተቋጠረ ነበር። ተቀመጠ። በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኑ ቀላ፣ በሁለተኛው ግንባሩ ወዛ፣ በሦስተኛው አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ።

«ብላ!» አሉ እንቁ።

ይህን ቃል ያውቀዋል። በላ። ላቡን እየጠረገ ጨረሰውና ሳህኑን አቀበላቸው፤ እንቁ ሳይጠይቁ ደገሙለት።

ሁለተኛውን ሳህን ሲጨርስ ውዳሴን ተመለከተ። «አሁን የምለውን ቃል በቃል ተርጉሚ። ውሉን እፈርማለሁ። በርበሬው ይህ ከሆነ እፈልገዋለሁ። ግን ጥራቱን አንድ ሰው ብቻ አይመረምረውም። አንዱ መርማሪ ውዳሴ ትሁን፣ ለስድስት ወር ሙከራ። ሌላው ከማኅበሩ ይሁን። ሁለቱ ለየብቻ አይተው፣ ለየብቻ ይንገሩኝ። ውዳሴ ያለችው ከሌላው ካልገጠመ ጭነቱ አይንቀሳቀስም።»

ውዳሴ ወደ ገብረሰንበት ዞረች። ሙከራ የሚለውን ብትዘለው ማን ያውቅባታል? «ለየብቻ» የሚለውን ብታለሰልሰው ማን ይጠይቃታል? አንድ በአንድ ተረጎመችው፤ ሙከራውንም፣ ጭነቱንም፣ ስሟንም።

ገብረሰንበት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደኅና አሰቡ። ከእኛ ማን ይሁን?»

«እኔ ነኛ» አሉ እንቁ። «ሻጋታ ከማዳበሪያው ውጭ ሆኜ ይሸተኛል። ልጅቷ በመሣሪያዋ ትይ፣ እኔ ባፍንጫዬ።»

አድማሴ ውሉን ከኪሱ አውጥቶ ፕላስቲኩን ፈታ። ገብረሰንበት ፈረሙ፤ ሶረን ፈረመ። የውዳሴ ስልክ ጮኸ፤ ሀምዱ ነበር።

«እህስ? በሉ? ፈረሙ?»

«ፈርመዋል፣ ጋሽ ሀምዱ። በድስትዎ ነው የበላው።»

«በየትኛው ድስት?»

«ስመጣ እነግርዎታለሁ። ሙሉውን።»

ስልኩን ዘግታ ለመነሣት ስትቃጣ እንቁ ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። ቀይ ወጡ፣ ጥብሱ፣ ዱለቱ፣ ለእንግዳው ተብሎ የተሰናዳው ሁሉ እንዳለ ወደ እሷ ተገፋ።

«የእሱን ድርሻ ማን ሊበላው ነው? በይ፣ ብዪ።»

«እትዬ፣ ሚኒባሱ ያመልጠናል። ደግሞ በቅቶኛል።»

እንቁ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፏ ድረስ አመጡት።

«ምነው፣ ሐኪም ከልክሎሻል?»

ውዳሴ አፏን ከፈተች።